ስልክዎ ከቴሌቪዥን ጋር ያለ ገመድ አልገናኝ ሲል፦ ችግሩን በቅደም ተከተል መፍቻ



ደርስ፣ ሙሐደራና የቁርኣን ቲላዋ ዛሬ በብዙ ቤት የሚደመጠው በስልክ ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ልከታተል ሲል ግን የስልኩ ስክሪን ይጠባል፤ ዓይናቸው ለደከመ ወላጆች ደግሞ የኪታቡ ጽሑፍ አይነበብም። ስለዚህ ስልኩን ያለ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት ጥሩ መፍትሔ ነው። ችግሩ፣ ደርሱ ሊጀመር ሲል “ምንም ዲቫይስ አልተገኘም” የሚል መልእክት ይመጣና ሴቲንጉን ሁሉ መነካካት ይጀመራል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ የሚጠቀሙት የትኛውን መንገድ ነው?

ሁለቱ መንገዶች

የመጀመሪያው ስክሪን ሚረሪንግ ነው። በስልኩ ላይ የሚታየው ሁሉ እንዳለ ቴሌቪዥኑ ላይ ይታያል። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ይህ የሚሠራው ሚራካስት በተባለው ቴክኖሎጂ ሲሆን፣ ይህንንም ዋይፋይ አሊያንስ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ አድርጎታል። ሚራካስት ስልኩንና ቴሌቪዥኑን በቀጥታ ስለሚያገናኝ ራውተርም ሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሳምሰንግ “ስማርት ቪው” ይለዋል፤ ሌሎች ስልኮች ላይ “ካስት” ወይም “ዋየርለስ ዲስፕሌይ” በሚል ስም ይገኛል።

ሁለተኛው ካስቲንግ ነው። እዚህ ላይ ስልኩ ሪሞት ብቻ ነው። ለምሳሌ ዩቲዩብ ላይ የካስት ምልክቱን ሲጫኑ ቴሌቪዥኑ ራሱ ቪዲዮውን ከኢንተርኔት ያመጣል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል፤ ብዙውን ጊዜም ሁለቱ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። ጉግል ካስት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

አይፎን የራሱን ኤርፕሌይ ይጠቀማል እንጂ ሚራካስትን አይደግፍም። የጉግል ፒክስል ስልኮችም ሚራካስት የላቸውም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ሚራካስት ብቻ ካለው፣ በእነዚህ ስልኮች የቱንም ሴቲንግ ቢቀይሩ አይገናኝም። ጊዜ ከማባከን በፊት ይህን ያጣሩ።

ቴሌቪዥኑ ስልኩ ላይ ካልመጣ

1. ሁለቱም በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸውን ያረጋግጡ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ራውተሩን ቀድሞ ሊነሣና ሳይገናኝ ሊቀር ይችላል። ስልኩ ደግሞ ሳይታወቅ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል።

2. ለእንግዳ ተብሎ የተከፈተ ዋይፋይ አይጠቀሙ። እንዲህ ያለው ኔትወርክ ብዙ ጊዜ ዲቫይሶች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያደርጋል፤ ኢንተርኔቱ እየሠራም ካስት ማድረግ አይቻልም።

3. ቪፒኤን ካለ ያጥፉ። ቪፒኤን ሲበራ ስልኩ እቤት ውስጥ ያለውን ቴሌቪዥን ላያገኘው ይችላል።

4. የአፑን ፈቃድ ይመልከቱ። በአይፎን ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ አፖች “ሎካል ኔትወርክ” የሚባል ፈቃድ ይጠይቃሉ። በአንድሮይድ 13 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ደግሞ “ኒርባይ ዲቫይስ” የሚባል ፈቃድ አለ። ሲጠየቁ “አይ” ብለው ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ይፍቀዱ።

5. ሚራካስት ከሆነ የስልኩ ዋይፋይ መብራቱን ያረጋግጡ። ኢንተርኔት ባይኖርም ዋይፋዩ መብራት አለበት። በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ደግሞ አስቀድሞ “ስክሪን ሚረሪንግ” የሚለውን መክፈት ያስፈልጋል።

ራውተር ለሌለው ቤት

በሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ካስት የሚያደርገው ስልክ ራሱ ሆትስፖት ሲሆን አንዳንድ አፖች ቴሌቪዥኑን አያገኙትም። የሌላ የቤተሰብ አባል ስልክ ሆትስፖት ይክፈት፤ የእርስዎ ስልክና ቴሌቪዥኑ ሁለቱም እሱ ላይ ይገናኙ። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ቪዲዮውን በከፍተኛ ጥራት ስለሚያመጣ ፓኬጁ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። የቪዲዮውን ጥራት ወደ 480 ዝቅ ማድረግ ለደርስ በቂ ነው።

ለዩቲዩብ ሌላም መንገድ አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ ባለው የዩቲዩብ ሴቲንግ ውስጥ ኮድ ይወጣል፤ ያንን ኮድ ስልኩ ላይ ባለው ዩቲዩብ ያስገቡ። በዚህ መንገድ ሁለቱም ኢንተርኔት ካላቸው በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አይጠበቅባቸውም።

ተገናኝቶ ግን ካስቸገረ

ምስሉ ከተቆራረጠ ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ ያቅርቡ። ራውተሩ ሁለት ዓይነት ዋይፋይ ካለው፣ ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ያዳክመዋል፤ ባለ 2.4ቱ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ግን ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ይረብሹታል።

ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ካልወጣ መጀመሪያ ብሉቱዙን ያጥፉ። ድምፁ ወደ ተረሳ የጆሮ ማዳመጫ እየሄደ ሊሆን ይችላል።

ድምፅ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ከሆነ፣ አፑ ራሱ ስክሪኑ እንዳይቀዳ ከልክሎ ይሆናል። ክፍያ የሚጠይቁ የፊልም አፖችና አንዳንድ የባንክ አፖች እንዲህ ያደርጋሉ። ይህ ብልሽት አይደለም።

ሁሉንም አጥፍቶ መጀመር የመጨረሻው ነው

ቴሌቪዥኑንም ራውተሩንም ከሶኬት ነቅለው ትንሽ ቆይተው ይሰኩ፤ ራውተሩን አስቀድመው። በሪሞት ማጥፋት ብቻውን ብዙ ጊዜ ቴሌቪዥኑን እንደ አዲስ አያስነሣውም። ከዚያም አፕዴት ካለ ያድርጉ። ፋክተሪ ሪሴት ግን አይቸኩሉበት። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስቶች በየሀገሩ በአንድ ጊዜ ሥራ አቁመው ነበር። ችግሩ ከጉግል በኩል ነበር፤ ኩባንያውም ተጠቃሚዎች ሪሴት እንዳያደርጉ አሳስቦ በኋላ ማስተካከያ ላከ። ትናንት ይሠራ የነበረው ያለ ምክንያት በድንገት ከቆመ፣ ሌሎችም ዘንድ ቆሞ እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።

ሳይገናኙ በፊት፦ የቤት ገመና

ሚረሪንግ የስልኩን ሁሉንም ነገር ያወጣል። የእህት መልእክት፣ የሰው የግል ጉዳይ፣ ሒጃብ ሳይለበስ ቤት ውስጥ የተነሣ ፎቶ በእንግዶች ወይም በመድረሳ ተማሪዎች ፊት ድንገት ሊታይ ይችላል። መልእክቱን የላከው ሰው እርስዎን አምኖ ነው፤ ይህም አማና ነው። ስለዚህ ሰው ባለበት ካስቲንግን ይምረጡ፤ እሱ ቪዲዮውን ብቻ ያሳያል። ሚረሪንግ የግድ ከሆነ አስቀድመው “ዱ ኖት ዲስተርብ”ን ያብሩ፣ በስክሪኑ ላይ ብቅ የሚሉ መልእክቶችንም ይዝጉ። የማያውቁት ስልክ ልገናኝ ብሎ ቴሌቪዥኑ ፈቃድ ሲጠይቅዎ አይፍቀዱ፤ ከጎረቤት ሊሆን ይችላል።

ምንም አልሆን ካለስ?

ባለቤቱ ማውረድ የፈቀደውን ደርስ በፍላሽ ገልብጠው ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰኩ። በኬብል ለማገናኘት ካሰቡ ግን ከመግዛትዎ በፊት ስልክዎ በቻርጀር ቀዳዳው ምስል ማውጣት መቻሉን ይጠይቁ፤ ብዙ ርካሽ ስልኮች አይችሉም።

በመስጂድም ሆነ በቤት ለፕሮግራም ሲዘጋጁ ሙከራውን ሰዉ ከመሰብሰቡ ግማሽ ሰዓት በፊት ያድርጉት። አላህ የምንሰማውን የሚጠቅመን ያድርግልን።