«ሱቅ» እና «ሱግ»፦ በኦምዱርማን የተገናኙ የአማርኛ አነጋገሮች ታሪክ

የማኅበር የኢዮቤልዩ መጽሔት ሲዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ መሥራቾቹ፣ ስለ ጠቅላላ ጉባኤውና ስለ መዋጮው ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም በቃለ ጉባኤ ሳይመዘገብ የኖረ፣ ሻንጣም ጓዝም ሳያስፈልገው ከእኛ ጋር ድንበር የተሻገረ አንድ ቅርስ አለን። እርሱም አነጋገራችን ነው። ኦምዱርማን ውስጥ አንድ ሐበሻ አፉን ሲከፍት ከየትኛው ክፍለ ሀገር እንደ ተነሣ፣ በየትኛው መንገድ እንዳለፈና ስንት ዘመን እንደ ቆየ ጆሮ ያለው ሰው ይለየው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያንን ቅርስ በዘመን ቅደም ተከተል ለመዳሰስ እንሞክራለን።

የመጀመሪያዎቹ ድምፆች

አማርኛ ወደ ኦምዱርማን የገባው በደስታ አልነበረም። ከተማዋ የማሕዲስቶች መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ በጥር ወር 1880 ዓ.ም.፣ በሐምዳን አቡ አንጃ የሚመራው ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በደምቢያ ሳር ውሃ ላይ ድል አደረገ፤ ከዚያም ጎንደርን ዘርፎ አቃጠለ። በርካታ ሴቶችና ሕፃናት ተማርከው ወደ ኦምዱርማን ተነዱ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት ወደቁ። በዚያ ዘመን እርሱም በኦምዱርማን ምርኮኛ የነበረው ኦስትሪያዊው ቄስ ዮሴፍ ኦርቫልደር ካመለጠ በኋላ ባሳተመው ማስታወሻው ስለ እነዚህ የሐበሻ ምርኮኞች ሥቃይ ጽፏል።

እንግዲህ በዚህች ከተማ ሰፈሮች አስቀድሞ የተሰማው አማርኛ የጎንደርና የጎጃም አማርኛ ነው ለማለት ይቻላል። ከእነዚያ እናቶች አብዛኞቹ አልተመለሱም። ልጆቻቸው ዐረብኛ ተናጋሪ ሆነው አድገዋል። እኛ በኋላ የመጣነው ሰዎች ባዶ ምድር ላይ እንዳልሰፈርን ማወቅ ይገባናል።

ስደተኛው ንጉሠ ነገሥትና «ባንዲራችን»

ሁለተኛው ምዕራፍ የጠላት ወረራ ዘመን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ከእንግሊዝ አገር ወደ ካርቱም መጡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር እስኪሻገሩ ድረስም ዝግጅታቸውን ያደረጉት በዚሁ በሱዳን ምድር ነበር። በካርቱም አጠገብ በሶባ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የመኮንንነት ሥልጠና አገኙ። «ባንዲራችን» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣም በዚያን ጊዜ በካርቱም ታትሞ በግዛቱ ለሚዋጉት አርበኞች ይሰራጭ ነበር።

ይህ ለርእሳችን የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ለጎጃም፣ ለጎንደርና ለሸዋ አርበኛ በአንድነት የሚታተም ወረቀት ሁሉም የሚረዳው አንድ አማርኛ ይፈልጋል። የተጻፈው አማርኛ አንድ እየሆነ ሲሄድ የሚነገረው ግን እንደ ብዛቱ ቀረ። በኦምዱርማንም ከዚያ በኋላ የኖርነው በዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ክፍለ ሀገራቱ በአንድ ሖሽ

ትልቁ ጎርፍ የመጣው ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ነው። አብዮቱ፣ ቀይ ሽብሩ፣ የሰሜኑ ጦርነትና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሕዝቡን በመተማና በገላባት፣ በሑመራና በከሰላ በኩል አስወጣው። ከፊሉ በገዳሪፍ አካባቢ በኡም ራኩባና በተዋዋ የስደተኛ ሰፈሮች ቆየ፤ ከፊሉ ወደ ካርቱምና ወደ ኦምዱርማን ዘለቀ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በርካታ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ሱዳን ገቡ። ቀጥሎም ለሥራ የመጡት ተጨመሩ።

ሀገር ቤት ቢሆን ኖሮ የደብረ ታቦሩ፣ የደሴው፣ የመንዙና የአዲስ አበባው ሰው በአንድ ግቢ የመኖር ዕድላቸው ጠባብ ነበር። እዚህ ግን ኪራይ ለመቆጠብ አንድ ሖሽ ተካፈሉ፤ አንድ የውሃ ዚር ተጠቀሙ። ያን ጊዜ ነው ልዩነቱ የታወቀው።

ከሰሜን የመጣው «ተሱቅ መጥቸ» ሲል የአዲስ አበባው «ከሱቅ መጥቼ» ይላል። አንደኛው «እሽ»፣ «አንች»፣ «እንጅ»፣ «እንደት ነህ» ሲል ሌላው «እሺ»፣ «አንቺ»፣ «እንጂ»፣ «እንዴት ነህ» ይላል። በሰሜኑ ቤት ታላቅ ወንድም «አያ» ነው፣ በአዲስ አበባው «ጋሼ»። ለሽማግሌ «አንቱ» ማለት ለጎንደርና ለወሎ ልጅ የዕለት ተዕለት ጨዋነት ሲሆን የአዲስ አበባው ልጅ «እርስዎ» ብሎ ስላደገ «አንቱ» የጥንት መጽሐፍ ይመስለዋል። ለአንዱ «የባሕር ማሽላ» የሆነው እህል ለሌላው «በቆሎ» ነው። ቡና ሲቀዳም አንዲቱ «ፍንጃሉን አቀብይኝ» ስትል ሌላዋ «ስኒውን ማለትሽ ነው?» ትላለች። ከሰሜን የመጣችው «ዱካ» የምትለውን መቀመጫ የአዲስ አበባዋ «በርጩማ» ትለዋለች፤ ሱዳናዊቱ ጎረቤታቸው ደግሞ «በንበር» ብላ ሁለቱንም ታስታርቃለች።

ወሎዬው «አብሽር» ሲል ሌላው ለጊዜው ግራ ይጋባ ነበር። ቃሉ ወደ ወሎ የገባው ከዐረብኛ ነው፤ ትርጉሙም «አይዞህ» ነው። ኦምዱርማን ሲደርስ ግን በሱዳኖች ሠርግ ላይ ለሙሽራው «አብሽር፣ አብሽር!» እየተባለ ጣት ሲንጫጫ ሰማ። ከሁላችን በፊት ወሎዬው ዘመድ አገኘ ማለት ነው።

የእናት ቋንቋቸው ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ የሆነ ወገኖቻችንም አማርኛውን በየራሳቸው ቃና ተናገሩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሣ። ፊደል ስንማር «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» እንዲሁም «አ፣ ዐ» አንድ ድምፅ ሆነው ሳለ ለምን በተለያየ ፊደል እንደሚጻፉ ያልጠየቀ ተማሪ የለም። በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ አማርኛ ድምፁን ጥሎ ፊደሉን አስቀረ። ትግርኛ ግን የ«ሐ»ንና የ«ዐ»ን ድምፅ ጠብቋል፤ ዐረብኛም እንዲሁ። ስለዚህ ዐረብኛ ለመልመድ ለትግርኛ ተናጋሪው ጉሮሮው ቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ልጆቻችንም በጠዋት ዐረብኛ፣ ከሰዓት በኋላ ፊደል ሲማሩ፣ የ«ዐ» ምስጢር በኦምዱርማን ተገለጠላቸው።

ትክክለኛው የማን ነው?

አብሮ መኖሩ ሳቅ ብቻ አልነበረም። «ተ» ያለውን ልጅ «ባላገር» ብለው የሚያሾፉበት ልጆች ነበሩ። አንዳንዱም አፍሮ የእናቱን አነጋገር ደበቀ። ይህ ሊታረም የሚገባው ነገር ነው፤ ታሪኩም ያርመዋል።

ጎንደር ከ1628 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የነገሥታት መቀመጫ ነበረች። የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የአማርኛ ደብዳቤዎችና ዜና መዋዕሎች የተጻፉት የሰሜኑ አነጋገር የቤተ መንግሥት አነጋገር በነበረበት ጊዜ ነው። መናገሻው ወደ ሸዋ ሲሻገር፣ አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ ማተሚያ ቤቱ፣ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ (1917 ዓ.ም.)፣ ትምህርት ቤቱና ሬዲዮው እዚያ ሲተከሉ፣ የአዲስ አበባው አነጋገር የመጽሐፍ አማርኛ ሆነ። ስለዚህ አንዱን «ትክክል» ያሰኘው የመናገሻው ከተማ መቀመጫ ነው። ልጆቻችን ለመጽሐፍና ለፈተና የሚጠቅማቸውን አማርኛ ይማሩ፤ የአያታቸውን «አንቱ»ና «እሽ» ግን ስሕተት ነው ብለን አንንገራቸው።

ዐረብኛው ሲገባ

ከዐረብኛ ጋር የነበረን ግንኙነት ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው የጋራ ቃል ነው። «ጀበና» በሁለቱም ወገን ጀበና ነው። የእኛ «ጠረጴዛ» የእነርሱ «ተረቤዛ»፣ የእኛ «ዝንጅብል» የእነርሱ «ጀንዘቢል» ነው፤ ሱዳኖች ቡናቸው ላይ ስለሚጨምሩትም በቶሎ ተለመደ።

ሁለተኛው አሳሳች ቃል ነው። እኛ «ሱቅ» የምንለው አንዲት ትንሽ መደብር ናት። በሱዳን ግን ቃሉ ገበያውን በሙሉ ያመለክታል፤ «ቀ»ው ወደ «ገ» ተለውጦም «ሱግ» ይባላል። አዲስ ገቢ እናት «ሱቅ ልላክ» ብላ ልጇን ስትልክ ሱዳናዊት ጎረቤቷ «ይህን ሕፃን ብቻውን ኦምዱርማን ገበያ ድረስ?» ብላ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ለእርሷ የሰፈሩ መደብር «ዱካን» ነው። «ኪስ»ም እንዲሁ ነው። ለእኛ የልብስ ኪስ ሲሆን ለእነርሱ ዕቃ የሚያዝበት ከረጢት ወይም ፌስታል ነው። «ኪስ አለህ?» ተብሎ ሱሪውን የዳበሰ አዲስ ገቢ ጥቂት አይደለም።

ሦስተኛው ምትክ ያልነበረው ቃል ነው። ሰማዩን በአቧራ የሚጋርደውን «ሐቡብ» አማርኛ አያውቀውም ነበር፤ ስለዚህ እንዳለ ተወሰደ። «ዚር»፣ «ዓንገረብ»፣ «ኢቃማ» እንዲሁ ገቡ። ሀገር ቤት «ባጃጅ» የሚባለው እዚህ «ረክሻ»፣ «ረዳት» ወይም «ወያላ» የሚባለው «ኩምሳሪ»፣ «ለስላሳ» የሚባለው «ባርድ» ሆነ። ምግብ ቤቶቻችንም ለሱዳናዊ ደንበኛ ቀይ ወጡን «ዝግኒ» ብለው አቀረቡ፤ ሱዳኖች የሐበሻን ወጥ የሚያውቁት በዚህ በትግርኛ ስሙ ነውና። በዚህ ሁኔታ «ሃሳ ረክሻ ይዤ እመጣለሁ፣ ኻላስ» የሚል ትውልድ አደገ። አማርኛ ነው፤ ነገር ግን አዲስ አበባም ጎንደርም የማያውቁት የኦምዱርማን አማርኛ ነው።

አነጋገር መታወቂያ ሲሆን

ይህ ሁሉ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። «ከሻ» የሚባለው አፈሳ በሚኖርበት ቀን ዐረብኛውን እንደ ከተማው ሰው የሚናገር ልጅ ለእናቱ አስተርጓሚም ጠበቃም ነበር። በመንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡ፣ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ከሁሉ አስቀድመው የተማሩት ሰላምታውን፣ ዋጋውንና «ማሌሽ»ን ነው፤ እንጀራቸው በዚያ ላይ ነበርና። ወረቀት የሌለው ሰው ከአፉ በወጣችው «ገህዋ» ተለይቶ ይታወቅ ነበር። ያልተስተካከለች እንደ ሆነ መከራ፣ የተስተካከለች እንደ ሆነ ዕረፍት ታመጣለች።

ከኦምዱርማን ወዲያ

አሜሪካ በ1972 ዓ.ም. የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ በሱዳን ከነበሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ወደዚያ ተሻገሩ። እዚያም የአነጋገር ነገር ጠበቃቸው። ዋሽንግተን «ሶዳ» የሚባለው ለስላሳ መጠጥ በሚኒሶታ «ፖፕ»፣ በአትላንታ ደግሞ ምንም ዓይነት ይሁን «ኮክ» ይባላል። ከአንድ ሖሽ የወጡ የእኅትማማች ልጆች ዛሬ ለአንድ ጠርሙስ ሦስት ስም አላቸው፤ አያታቸው ጋር ሲደርስ «ባርድ» የሚለው አራተኛው ይጨመራል። ቤይሩት የሠራችው እኅታችን ቡናውን «አህዌ»፣ ከኦምዱርማን የሄደችው «ገህዋ» ስትል የእያንዳንዳቸው መንገድ ይታወቃል። ታላቋ አሜሪካ በየክፍለ ግዛቷ የተለያየ አነጋገር ይዛ አንድ አገር ከሆነች፣ በ«ከ» እና በ«ተ» የምንነቃቀፍበት ምክንያት የለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ግን ይህንን ታሪክ ወደ ሌላ ምዕራፍ አሻገረው። ኦምዱርማን የጦር ሜዳ ሆነች። ብዙ ቤተሰቦች ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ጊዜ ተሰደዱ፤ በርካቶችም አባቶቻቸው በወጡበት በመተማ በኩል ተመለሱ። ጎንደርና አዲስ አበባ የገቡት ልጆቻችን አሁን «የሱዳን ልጆች» ይባላሉ፤ «ረክሻ» ሲሉ ይሣቅባቸዋል። አባቶቻቸው በ«ተ» እንደ ተሣቀባቸው ማለት ነው።

ቤትና ዕቃ ሲቀር፣ ዶሴና ፎቶግራፍ ሲጠፋ፣ ያለፍንበትን መንገድ የሚመሰክርልን በአንደበታችን ላይ ያለው ቃል ነው። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል አንድ ነገር አደራ እንላለን። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ደብተር ይክፈት። አያት የሚሉትን፣ እናት የምትለውን፣ ልጅ የሚለውን በሦስት ዓምድ ይጻፍ፤ «ፍንጃል»፣ «ስኒ»፣ «ፊንጃን» እያሉ። ቃሉን ከየት እንዳመጡትም ይጠየቅ። ልጆች ሲጽፉ አይታረሙ፤ እንደ ሰሙት ይጻፉ። ከዓመታት በኋላ የማኅበራችንን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከማንኛውም መዝገብ ይልቅ በዚያ ደብተር ይጠቀማል።

አያም ጋሼም፣ እሽም እሺም ያላችሁ ሁላችሁ፣ ባላችሁበት ሰላም ሁኑ። መልካም የኢዮቤልዩ በዓል!