ለሥር የሰደደ ድካም ሕመም ምርመራ የሚሰጥ የመድን ሽፋን

ሥር የሰደደ ድካም ሕመም ወይም ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ፣ በዕረፍት የማይለቅ፣ ትንሽ ሥራ ከተሠራ በኋላም የሚባባስ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ዘገባ በዩናይትድ ስቴትስ ከ836,000 እስከ 2.5 ሚሊዮን ሰዎች እንዳለባቸውና አብዛኞቹ በሐኪም እንዳልተለየላቸው ገምቷል።

በሽታውን ለብቻው የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሕመምተኛውን ታሪክ ይሰማል፣ ተመሳሳይ ምልክት ያላቸውንም በሽታዎች አንድ በአንድ ያስወግዳል። ለደም ማነስ፣ ለታይሮይድ፣ ለስኳር፣ ለጉበትና ለኩላሊት የሚደረጉ የተለመዱ ምርመራዎችን የአሜሪካ የጤና መድን ብዙውን ጊዜ ይሸፍናል። በሌላ አነጋገር፣ መድኑ በቀላሉ የሚከፍለው ሌላ በሽታ አለመኖሩን ለማወቅ ነው።

የክፍያ ጥያቄ የሚቀርበው በበሽታ መለያ ኮድ ነው። በአሜሪካ ሕመሙ ለብዙ ጊዜ አር53.82 በሚባለው፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ድካምን በሚያመለክት ኮድ ሥር ይመዘገብ ነበር። የራሱን ኮድ፣ ጂ93.32ን፣ ያገኘው ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ነው። የክፍያው ኮምፒውተር የሚያየው ኮዱን እንጂ ሰውየውን ስላልሆነ ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

ዋናው ክርክር ያለው በሁለት ቀኑ የልብና የሳንባ ምርመራ ላይ ነው። ሕመምተኛው የትንፋሽ መለኪያ ጭምብል አድርጎ የቆመ ብስክሌት ይነዳል፤ በማግስቱም ይደግመዋል። ጤነኛ ሰው በሁለተኛው ቀን ተቀራራቢ ውጤት ሲያመጣ የብዙ ሕመምተኞች አቅም ግን ይቀንሳል። ምርመራው ራሱ ሕመሙን ለቀናት ሊያባብስ ይችላል። ብዙ የጤና መድን ሰጪዎች «ገና በሙከራ ላይ ያለ» በማለት አይከፍሉበትም። ነገር ግን ሠራተኛው ሥራ መሥራት ሲያቅተው የአካል ጉዳት መድን ሰጪው የሚጠይቀው እንዲህ ያለ በመሣሪያ የተለካ ማስረጃ ነው። የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱም በ2014 ባወጣው መመሪያ ያልተለመደ የእንቅስቃሴ ምርመራ ውጤትን ከማስረጃዎች መካከል ቆጥሮታል።

የመድን ሰጪዎች ጥንቃቄ ሁልጊዜ መሠረት የለሽ አይደለም። በ2009 ኤክስ ኤም አር ቪ የተባለ ቫይረስ ከሕመሙ ጋር ግንኙነት አለው የሚል ጥናት «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ሲወጣ የቫይረሱ ምርመራ ወዲያው ለገበያ ቀረበ። ጥናቱ በ2011 ተሰረዘ፤ ከኪሳቸው የከፈሉ ሕመምተኞች ምንም አላተረፉም።

ክፍያ የተከለከለ ሰው በ2010ሩ የጤና ሕግ መሠረት፣ በአብዛኞቹ የመድን ዓይነቶች፣ ውሳኔው በደረሰው በ180 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ይግባኝ ማለት ይችላል። ከሕክምና ጋር የተያያዘ ክልከላ እዚያ ከጸና ጉዳዩን በአራት ወር ውስጥ ወደ ገለልተኛ ገምጋሚ መውሰድ ይቻላል፤ የገምጋሚውን ውሳኔ መድን ሰጪው የመቀበል ግዴታ አለበት።