አሠልጣኙን ማን አሠለጠነው?

በአዲስ አበባ ከመገናኛ ተነስቶ ኮተቤን አልፎ የሚሄድ ሰው የካ አባዶ ሲደርስ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ይቀበሉታል። እነዚህን መሰል ሕንፃዎች የተገነቡበት የቤቶች ልማት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2006 ሲነደፍ ዓላማው ቤት መሥራት ብቻ አልነበረም። ከ400,000 ቤቶች ጋር 200,000 የሥራ ዕድሎችና 10,000 ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት አብረው ታቅደዋል። ብሎኬት አምራቹም ሆነ በርና መስኮት በያጁ በማኅበር ተደራጅቶ የሚገባ ወጣት እንዲሆን ነበር የታሰበው። ይህን ሁሉ ወጣት ሥራው ላይ ሳለ ማን ያስተምረው? ጎበዝ ግንበኛ ሁሉ ጎበዝ አስተማሪ አይደለም። እጁ የለመደውን ሥራ ለአሥር ሰው ከፋፍሎ ማሳየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ይህም ሙያ በእንጦጦ ግርጌ ረጅም ታሪክ አለው።

የካ ላይ ከዓለት ተፈልፍሎ በተሠራው ዋሻ ሚካኤልና በእንጦጦ አናት ባሉት ማርያምና ራጉኤል ያገለገሉ ሊቃውንትን ያፈራው የአብነት ትምህርት ቤት፣ ተማሪን በጉባኤ የማስተማር የራሱ ሥርዓት አለው። በቅኔ ቤት ጀማሪው የሚነሳው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ነው። ቀን ለብቻው ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ጓደኞቹ እየሰሙ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ያርመዋል። የአንዱ ስህተት በሁሉም ጆሮ ስለሚታረም አንድ እርማት ለጉባኤው ሁሉ ይሆናል። በትምህርቱ ገፋ ያለው ደግሞ ታናናሾቹን ያስጠናል። በዚህ ቤት ማስተማርን የሚለማመዱት እያስተማሩ ነው፣ ያውም ሊቁ አጠገብ ሆነው።

ዘመናዊው የመምህራን ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ሲሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ጉለሌ ተዛወረ። የኮተቤው የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 በዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተመሥርቶ በ1969 አሁን ወዳለበት ሥፍራ መጣ። ከብዙ የስም ለውጥ በኋላ በ2022 የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሏል።

ዘመናዊው የመምህራን ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ አገሪቱ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ አስተማሪ ያሰለፈችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» በሚል መፈክር ተጀመረ። በመጀመሪያ በ5 ቋንቋዎች፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ገና ተማሪዎች ነበሩ። አባትና እናት በሚሆኑ ሰዎች ፊት ጠመኔ ይዞ መቆም፣ ያረጀ እጅ እርሳስ እንዲለምድ መታገሥ የፊደል ዕውቀት ብቻ የሚወጣው ሥራ አይደለም። የዘመቻው ስኬት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠሩት የተማሩት ናቸው፤ ያስተማሩት ወጣቶች ማስተማርን እንዴት እንደተማሩ ግን ሊጻፍ የሚገባው ሌላ ታሪክ ነው።

በሥራ ቦታ የማሠልጠን ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ የገባበት አንዱ መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ልምድ ያለው ሠራተኛ ጠፍቶባቸው ነበር። መንግሥት ለፎርማኖች ያዘጋጀው አጭር ኮርስ አሥር ያህል ሰዎችን ይይዛል፤ አምስት ጊዜ ተገናኝተው በየጊዜው ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኙ አንድ ሰው ያስነሳና፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ከአምፖሉ መያዣ ውስጥ ተጎትቶ እንዳይወጣ የሚታሰረውን ቋጠሮ በቃል ብቻ ይነግረዋል። ሰውየው ማሰር ያቅተዋል። ቀጥሎ ለሌላው ምንም ሳይናገር አስሮ ያሳየዋል፤ ያም ያቅተዋል። በሦስተኛው ግን ተማሪውን አዘጋጅቶ፣ ደረጃ በደረጃ እያሳየና እያስረዳ፣ ራሱ እንዲሞክረውና ምክንያቱን እንዲናገር አድርጎ፣ ከዚያም እየተከታተለ ያስተምረዋል። ቋጠሮው ይታሰራል። በተከታዮቹ ቀናት እያንዳንዱ ተሳታፊ ከገዛ ሥራው አንድ ነገር አምጥቶ ጓደኞቹ ፊት ያስተምራል፤ ቡድኑም ይተቸዋል።

ይህ አካሄድ ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ገብቶ ካይዘን ለተባለው፣ ሥራን ያለማቋረጥ የማሻሻል አሠራር አንድ መሠረት ሆነ። ካይዘን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት (ጃይካ) ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ላይ ለመሞከር ወደ አዲስ አበባና አካባቢዋ መጣ። በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት» እያሉ የሚጀምሩት አምስቱ ማዎች በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ግን ማንንም አያሠለጥንም። ሠራተኞች በትንሽ ቡድን ተሰብስበው የገዛ ሥራ ቦታቸውን ችግር እንዲያወጡ የሚያደርግ፣ ከመናገር ይልቅ መጠየቅ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

በትምህርቱ ዘርፍ እንዲህ ያለ አሠልጣኝ ለማፍራት የተደረገው ትልቁ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም ነው። ሠልጣኞቹ የመምህራን አሠልጣኞች ራሳቸው ናቸው። ዓመቱን ሙሉ በቡድን እየተገናኙ አሳታፊ ዘዴዎችን እንደ ተማሪ ሆነው ይሠሩባቸዋል፣ የታዘቡትን በማስታወሻ ይጽፋሉ፣ ትምህርት ቤት ሄደው ያያሉ። ለዓመታት በሌክቸር የኖረ መምህር እንደገና ተማሪ ሆኖ መቀመጡ ቀላል አልነበረም፤ የፕሮግራሙ ጉልበት ግን በትክክል እዚያ ላይ ነው። ኋላ በየትምህርት ቤቱ የተስፋፋው አንድ ለአምስት አደረጃጀት ይህን ጉልበት አልወረሰም። ተማሪዎቹ በቡድን ይቀመጡ ነበር፤ አንዱ ጎበዝ ሲሠራ አምስቱ ይገለብጡ ነበር። መቀመጫ ማዞርና ቡድን መምራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሠልጣኝ እንዲያፈራ የተቋቋመው ኢንስቲትዩት የሚገኘውም በዚሁ በየካ ክፍለ ከተማ ነው። እዚያ የሚማር ሰው ከብየዳው ወይም ከኤሌክትሪኩ ጋር የማሠልጠን ዘዴንም ይማራል። ከኮሌጅ ውጭ ያለው ግን ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሠልጣኙ ጊዜውን በኮሌጅና በድርጅት እንዲከፋፍል የትብብር ሥልጠናን አስቀምጧል። ጋራዡ ወይም ወርክሾፑ ሲደርስ የሚረከበው ሰው ብዙውን ጊዜ ነባር ሠራተኛ ነው፤ ሙያውን ጠንቅቆ ያውቃል፣ እንዴት እንደሚያስተምር ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የነበሩት የአሜሪካ ፎርማኖች ያገኙት የአሥር ሰዓት ኮርስ ለእሱም ይገባዋል።