የናይሮቢ ግድብ፦ በደለል ውስጥ የተከማቸው ፎስፈረስ መዘዝ

የናይሮቢ ግድብ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1953 ሲሠራ ዓላማው ለከተማዋ የመጠባበቂያ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀም ነበር። በኋላም የጀልባ መዝናኛና የዓሣ ማጥመጃ ሥፍራ ሆነ። ዛሬ ግን አብዛኛው ክፍሉ በደለል ተሞልቶ እምቦጭ አረም ወርሶታል።

አረሙን ከሚመግቡት ንጥረ ነገሮች አንዱ ፎስፈረስ ነው። ምንጮቹም በቂ የፍሳሽ መስመር ከሌለው ከአጎራባቹ የኪቤራ ሠፈር የሚወጣው የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ የልብስ እጣቢ፣ ደረቅ ቆሻሻ እና ጎርፍ ጠርጎ የሚያመጣው አፈር ናቸው።

ፎስፈረስ እንደ ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወደ አየር አይወጣም። ከአፈር ቅንጣትና ከብረት ማዕድን ጋር ተጣብቆ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ በደለሉ ውስጥም ለዓመታት ይከማቻል። የሞተውን አረም የሚያበሰብሱ ተህዋስያን በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ሲጨርሱት፣ ከብረቱ ጋር የነበረው ትስስር ይፈታል። ያን ጊዜ ፎስፈረሱ ወደ ውሃው ተመልሶ አዲስ አረም ያበቅላል።

በዚህ ምክንያት አረሙን መንቀል ብቻውን ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። የፍሳሹ ምንጭ ቢደርቅ እንኳ ደለሉ የቆየውን ክምችት መልቀቁን ሊቀጥል ይችላል። ከእምቦጭ ጋር የሚታገሉት የቪክቶሪያና የጣና ሐይቆችም ከዚህ ፈተና ነጻ አይደሉም።