በጦርነት መካከል የተደረገ ምርጫ

አገር በጦርነት ላይ ሳለ ስለሚደረግ ምርጫ ስናስተምር ሊንከንና ማክሌላን እ.ኤ.አ. በ1864 የተወዳደሩበትን የአሜሪካን ምርጫ እንጠቅሳለን። በዚያ ምርጫ የተገነጠሉት 11 የደቡብ ግዛቶች አልተካፈሉም። ተመሳሳይ ታሪክ በጎረቤታችን በጅቡቲም አለ።

አብዛኞቹ አባሎቹ አፋሮች የነበሩት ፍሩድ የተባለው ግንባር በኖቬምበር 1991 በሰሜን ጅቡቲ ጦርነት ጀመረ። በዲሴምበር 18 የመንግሥት ኃይሎች በዋና ከተማው፣ አፋሮች በብዛት በሚኖሩበት በአርሂባ ሠፈር ተኩስ ከፍተው በርካታ ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ።

ጦርነቱ ሳያበቃ፣ ሜይ 7 ቀን 1993 የፕሬዚዳንት ምርጫ ተካሄደ። ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን፣ መሐመድ ጃማ ኤላቤ፣ አደን ሮብሌ አዋሌና ሌሎች ሁለት ዕጩዎች ተወዳደሩ። እንግዲህ ለአርሂባ ነዋሪ ጥያቄው «ማንን ልምረጥ?» ብቻ ሳይሆን «ልምረጥ ወይስ ልቅር?» የሚልም ነበር።

በይፋ በተገለጸው ውጤት ጉሌድ ከመቶ 60 ያህል ድምፅ አገኙ። ዳሩ ግን ድምፅ የሰጠው ከተመዘገበው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ስለ ነበር፣ የደገፋቸው ከተመዘገቡት ከመቶ 30 ገደማው ብቻ ነው። ከፍሩድ አንዱ ክንፍ ጋር ሰላም የወረደው በዲሴምበር 1994፣ ከቀረው ጋር ደግሞ በ2001 ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን «ማን አሸነፈ?» ከማለት አልፈው «ማን ሳይመርጥ ቀረ? ስለ ምን?» ብለው መጠየቅን እንዲለምዱ እናድርግ።