ቅጠሉ ታሞ ነው?

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ በአንድ የጥቅምት ንጋት ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ስለሆነው ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን ከዚያ አሥር ቀን ቀደም ብሎ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በቆመች መኪናዬ ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ በቪዲዮ ደውላ እያወራን ሳለ ወሬዋን አቋርጣ ዓይኗን ከኋላዬ ወዳለው መስኮት ሰደደች።

«ከኋላህ ያለው ዛፍ ምን ሆኖ ነው? ቅጠሉ ታሞ ነው?»

«አልታመመም እማዬ። እዚህ አገር ብርዱ ሲቃረብ እንዲህ ይሆናል።»

«ወይቧል እኮ! ውሃ አጥቶ እንዳይሆን።»

እናቴ የገበሬ ልጅ ናት። በእሷ ዓይን ቅጠል ያለጊዜው ወየበ ማለት ወይ ዝናብ ቀርቷል፣ ወይ ዋግ መትቶታል ማለት ነው። ደግሞ ወሩ መስከረም ነው። እሷ ካለችበት ምድሩ አረንጓዴ ለብሷል፣ ዳገቱን አደይ አበባ ሞልቶታል፣ መጸው ሊገባ የቀረው አራት ቀን ነው። የእኛ መጸው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው፣ የአበባና የእሸት ወቅት ነው። በእነዚያው ሳምንታት እዚህ ዛፉ ልብሱን ያወልቃል። ይህን በስልክ ላስረዳት ብል የሚሆን አልመሰለኝም።

«ተራራውን በሙሉ አንስቼ እልክልሻለሁ» አልኳት።

«ተራራ በምን ይነሳል?»

«በድሮን።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ስል ነው የገባኝ። ባለፉት ዓመታት ይህ ቃል ወደ ቤታችን የገባው ከጦርነት ወሬ ጋር ነው። ድምፁን የሰማ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው በፍርሃት ነው። እኔ ሩቅ ሆኜ ቃሉን እንደ መጫወቻ ስም ለምጄዋለሁ፤ እሷ ግን የለመደችው በሌላ መንገድ ነው። በጣም አዘንኩ። «የእኔዋ ሩብ ኪሎ አትሞላም እማዬ፣ የተሸከመችው ካሜራ ብቻ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ካሜራ በላት» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ካሜራ ነው የምላት። እናንተም ካሜራዋ ስል የምትበረዋን መሆኗን እወቁልኝ።

እንግዲህ የት ላብርራት? ዋሽንግተንና አካባቢው አይታሰብም። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ እስከ 15 ማይል ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ምንም ነገር ማብረር ክልክል ነው፤ የእኔም ቤት በዚያው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ሰው ሁሉ ቅጠል ለማየት የሚጎርፍበት የሼናንዶዋ ፓርክም አይሆንም፤ በብሔራዊ ፓርኮች እንዲህ ያለ ነገር ማብረር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ተከልክሏል። ክልከላው ቅር አይለኝም፤ ድብና ወፍም ሰላም ይፈልጋሉ። ብሔራዊ ደኖች ግን ከፓርኮቹ የተለዩ ናቸው፤ ተፈጥሯቸው ሳይነካ እንዲቆይ ከተከለሉት ክፍሎቻቸው ውጭ ማብረር ይቻላል። ስለዚህ ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ሞኖንጋሂላ ደን ልሂድ ብዬ ቆረጥኩ።

ብቻዬን አልሄድኩም። ሠላሳ ዓመት ዋሽንግተን ላይ ታክሲ የነዱ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅጠሉን በመኪና መስታወት ብቻ ነው ያየሁት» ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ቡና በፔርሙስ ይዘው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በሬ ላይ ተገኙ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነዳን።

በዚያ አካባቢ ትልቁ ተራራ ስፕሩስ ኖብ ይባላል፤ የዌስት ቨርጂኒያ ጣሪያ እሱ ነው፣ 1,482 ሜትር። አዲስ አበባ ከዚህ ከ800 ሜትር በላይ ትበልጣለች። ብርዱ ግን ሌላ ነው! እኛ ከተራራው ራቅ ብለን በአንድ የጠጠር መንገድ ዳር ስንወርድ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚያስብል ብርድ ነው። ሸለቆው በጉም ተሞልቶ ስለነበር መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ካሜራዋን ሁልጊዜ በዓይን ማየት አለብህ፣ ጉም ውስጥ አትልካትም። ብርድ ደግሞ የባትሪ ጠላት ነው። ሠላሳ ደቂቃ ይበራል የተባለው ሃያ ላይ ይደክማል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ሦስቱንም ባትሪዎች ተቀብለው ጋቢያቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ላይ ሸጎጧቸው። «እንደ ጫጩት ነው ለካ» አሉ።

ጉሙ እስኪነሳ ከሜፕል ዛፍ ሥር ቆመን ጋሼ አንድ ቅጠል አነሱ። ዳር ዳሩ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ መሐሉ ቢጫ ነው፣ የደም ሥሩ ዙሪያ ግን አሁንም አረንጓዴ። «ሦስቱም በአንዱ ላይ ምነው?» አሉኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ክሎሮፊል የሚባለውን አረንጓዴ ቀለም መሥራት ያቆማል፤ ያለውም ይፈርሳል። ቢጫው አዲስ አይደለም፤ በጋውን ሙሉ ከአረንጓዴው ሥር ተሸፍኖ የኖረ ነው። ቀዩ ግን ያኔ የሚሠራ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርዳም፣ ውርጩ ግን ያልበረታ ሲሆን ቀዩ ይደምቃል። ፀሐይ የመታው ገጽ ደግሞ ከጥላው የበለጠ ይቀላል።

ይህቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ። ከዛፍ ሥር ቆሞ ቀና የሚል ሰው የሚያየው የቅጠሉን ጀርባ ነው፤ የሜፕል ጀርባ ደግሞ ፈዛዛ ነው። የቀላው ፊቱ ወደ ሰማይ ነው። ያንን የሚያየው ወፍ ነው። እኔ ያን ሁሉ መንገድ የነዳሁት ያንን ፊት ለእናቴ ለማሳየት ነበር።

ጉሙ ሲገለጥ የመጀመሪያዋን በረራ አባከንኳት። ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ሕጉ እስከፈቀደው 120 ሜትር ድረስ ሰቀልኳት። በስክሪኑ ላይ ተራራው ቢጫና ቀይ ሆኖ ተዘረጋ፤ እኔም ደነቀኝ። ጋሼ ግን ጎንበስ ብለው አይተው «ይሄማ ምንጣፍ ነው። ዛፉ የታለ?» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ከፍታ እያንዳንዱ ዛፍ የክር ቋጠሮ ያህላል። እናቴ ያንን ብታይ እንደገና «ምን ሆኖ ነው?» ባለች ነበር።

ቀለሙም ደክሞ ነበር። የቅጠል ፊት ሰም መሰል ሽፋን ስላለው የሰማዩን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል፣ ቀዩም ነጣ ይላል። መድኃኒቱ ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ ነው፤ አየር ላይ ማዞር ስለማይቻል መሬት ላይ ሳለች በእጅ አስተካክሎ መስደድ ነው። የቀለሙን ሚዛንም ለካሜራዋ ከተዉላት ያን ሁሉ ወርቅ እንደ ስህተት ቆጥራ ታቀዘቅዘዋለች። 5,600 ኬልቪን ላይ አሠርኩት።

ሁለተኛዋን ዝቅ አድርጌ ላክኋት። ከዛፎቹ አናት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብላ ወደ ዳገቱ ስትሄድ ዛፎቹ አንድ በአንድ ዛፍ ሆኑ። አንዱ ሜፕል አናቱ ፍም፣ ጎኑ ብርቱካን። በርች የሚባሉት ዛፎች ቢጫ። በመሐላቸው ጽድ የሚመስለው ስፕሩስ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፣ እሱ ቅጠሉን አያራግፍም። እኔ ስክሪኑ ውስጥ ገብቼ ቀርቻለሁ። ከፍታው 40 ሜትር ይላል። ያ ቁጥር ግን የሚቆጠረው ከተነሳችበት ቦታ ነው፤ ከሥሯ ያለው መሬት ከፍ ሲል አያውቅም። እኔ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሲመስለኝ ተራራው ወደ እሷ እየመጣ ነበር።

«አንሳት! ልጄ አንሳት!»

ጋሼ ናቸው። ከካሜራዋ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም ነበር። ጣቴን ወደ ላይ ገፋሁ። የአንድ በርች ቅርንጫፍ በሌንሱ ፊት ሙሉ ስክሪኑን ሞልቶ፣ እያንዳንዱ ቅጠል ከነጥርሱ ታይቶኝ፣ ወደ ታች አለፈ። ልቤ ተመልሶ እስኪረጋ ሁለታችንም አልተነፈስንም። የዚያን ዕለት ሁለት ሰው ሆኖ መሄድ ለምን እንደሚያስፈልግ ገባኝ፤ አንዱ ሥዕሉን ሲያይ ሌላው ሰማዩን ማየት አለበት።

ቡናውን ስንጠጣ ጋሼ ይህ ደን ከጥንት የቆየ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደለም። እነዚህ ተራሮች ከመቶ ዓመት በፊት በእንጨት ቆራጮች ተመንጥረው ራቁታቸውን ቀርተው ነበር፤ ጎርፉም ቆላ ድረስ ወርዶ አጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1911 መንግሥት መሬቱን እየገዛ ደን እንዲያደርገው ሕግ ወጣ፤ ሞኖንጋሂላ እ.ኤ.አ. በ1920 ተቋቋመ። ጋሼ ያደጉበትን ራቁት ጋራ እያሰቡ እንደሆነ ከፊታቸው አነበብኩት። «መቶ ዓመት ብቻ?» አሉ፣ ደግመውም «መቶ ዓመት» አሉ።

የመጨረሻዋን ባትሪ ከጋቢያቸው አውጥተው ሲሰጡኝ ትሞቅ ነበር። ስስ ደመና ፀሐይዋን ጋርዷት ጥላው ሁሉ ጠፍቶ፣ ቀለሙ ከውስጥ የሚበራ መሰለ። ካሜራዋን ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ሰድጄ ሌንሱን ወደ ታች ደፋሁት። መንገዱ፣ ግራና ቀኙ ቢጫ፣ ጥግ ላይ አንድ ቀይ ሜፕል። አነሳሁና አወረድኳት።

ማታውኑ ያቺኑ ፎቶ ለእናቴ ላክሁላት። ደብረ ብርሃን ሲነጋ ደወለች።

«መጀመሪያ አደይ መስሎኝ ነበር» አለች። «ዛፍ ነው ለካ። አንዱ ጥግ ላይ እንዲያ የሚቀላው ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ፎቶውን በጣቷ እያሰፋች እንደሆነ ከዝምታዋ አወቅሁ።

«መንገዱ ዳር ነጭ ነገር አለ። ምንድን ነው እሱ?»

እኔ አላየሁትም ነበር። አሰፋሁት። ጋሼ ቆመዋል፣ ባዶ ባትሪዎቹን አሁንም ደረታቸው ላይ አቅፈው።

«ጋቢ ነው እማዬ።»

«ደጋ ነዋ!» አለች።