የዓሣ ቅርፊት፣ ፐርል ነጭ እና የሀዋሳ ሐይቅ

ሀዋሳ ላይ መኪና የሚሸጥ ሰው «ነጭ ነው» ብቻ አይልም፤ «ፐርል ነጭ ነው» ይላል። ተራው ነጭ ከየትም ቢያዩት ያው ነጭ ነው። ፐርሉ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት ከውስጡ ብርሃን የሚወጣ ይመስላል። ባለቤቱም ለዚያች ጸዳል ሲል በየጊዜው ላቫጆ ይወስደዋል፣ ፖሊሽ ያስመታዋል፣ ዋክስ ያስቀባዋል።

የዚህ ጸዳል ታሪክ የሚጀምረው ከመኪና ሳይሆን ከዓሣ ነው።

ፐርል ማለት ሉል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዣካን የሚባል የፓሪስ መቁጠሪያ ሠሪ ዓሣ የታጠበበት ውሃ ሲያብረቀርቅ አየ ይባላል። ከቅርፊቱ ያጠበውን ብርማ ነገር ባዶ የብርጭቆ ዶቃ ውስጥ ቀብቶ ሰው ሠራሽ ሉል ሠራ። ሳይንስ ያንን ንጥረ ነገር ጓኒን ይለዋል። መኪና ከመጣ በኋላም ይኸው የዓሣ ቅርፊት በአንዳንድ ውድ መኪኖች ቀለም ውስጥ ተሞክሯል። ነገር ግን ጥቂት ለማግኘት እጅግ ብዙ ዓሣ ስለሚፈልግ ለብዙኃኑ የሚሆን አልነበረም።

መላው የተገኘው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ማይካ የተባለውን ማዕድን በስሱ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በመሸፈን የዓሣውን ጸዳል ያለ ዓሣ አገኘ። ዛሬ በየመንገዱ የሚታየው ፐርል ቀለም የዚህ ሥራ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ የፖሊሽ ነገር ይመጣል። የማይካው ቅንጣት ከላይ አይደለም። መጀመሪያ መሠረቱ ቀለም፣ ቀጥሎ ፐርሉ፣ ከሁሉም በላይ ቀለም የሌለው መከላከያ ይቀባል። ይህ የላይኛው ሽፋን ውፍረቱ ከአንዲት የራስ ፀጉር ያነሰ ነው። ፖሊሽ የሚያበራው ይህንኑ ሽፋን በስሱ እየፋቀ ነው። ስለዚህ ፖሊሽ በተመታ ቁጥር ሽፋኑ ይሳሳል። ዋክስ ግን አይፍቅም፤ ከላይ ተኝቶ ከፀሐይና ከቆሻሻ ይከላከላል። ሽፋኑ አልቆ ፐርሉ ከተነካ ደግሞ ቦታውን ብቻ መቀባት አያዋጣም፤ ቀለሙ እንደ ዓይን አቅጣጫ ስለሚለዋወጥ ጥገናው ከሩቅ ይታወቃል። በአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አካባቢ መኪናውን ያቆመ ሰው የአባ ኮዳ ኩስ በፀሐይ ሲደርቅ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ቶሎ ካልታጠበ ሽፋኑን ይበላዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቅብጠት ነው የሚል ካለ የአገሩን ገበያ አያውቅም። በሌላው ዓለም መኪና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። በኢትዮጵያ ግን አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የተነዳ ቪትዝ ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ ኖሯል። የቀረጡ ክብደት አለ፤ በአሮጌ መኪና ላይ የጠነከረው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ተገለጸ። እንዲህ ባለ አገር መኪና መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ጥሪት ነው። ዋክሱም ጥሪት መጠበቂያ ነው። ለሚያጥቡትና ለሚወለውሉት ወጣቶች ደግሞ የዕለት እንጀራ ነው።

ጥያቄው ውሃው የት ይሄዳል የሚለው ነው።

የሀዋሳ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ትልቅ ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው በትነት ይሄዳል፤ የገባው ሳሙና፣ ዘይትና ቅባት ግን አብሮ አይተንም። በሐይቁ ዳርና በጥቁር ውሃ ወንዝ መኪና ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ተሠርቷል። ለፋብሪካ የታሰበው ለላቫጆ ያልታሰበበት ምክንያት የላቫጆ ፍሳሽ ትንሽ ስለሚመስል ነው። መውጫ በሌለው ሐይቅ ግን ትንሹም ይጠራቀማል።

ማጠቢያውን ከዳርቻው ማራቅ፣ ዘይት የሚያስቀር ጉድጓድ ማስቆፈር፣ በጎማ ከመልቀቅ ይልቅ በባልዲ መቆጠብ ከባድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። ወጣቶቹን ማባረር መፍትሔ አይደለም፤ ቦታና ማጣሪያ ሰጥቶ ሥራቸውን ማስቀጠል ነው። ያ ካልሆነ፣ ጸዳሉን መጀመሪያ ከዓሣ የተማረው ሰው መኪናውን ለማብራት ሲል ቆሮሶው የሚኖርበትን ውሃ ያጨልማል። መኪና ቢያረጅ እንደገና ይቀባል፤ ሐይቁ ግን ሁለተኛ ቀለም የለውም።